የድሮ ፑል ዱላ ምን ዓይነት ሻፍት ይግጠም?

በየፑል ቤቱ ግድግዳ ላይ ተደርድረው ተጫዋች የሚጠብቁት ዱላዎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወጥ ናቸው። ማንም ያነሳቸዋል፣ ማንም ይጥላቸዋል፤ ጫፋቸው ቢላላጥም የሚቆጨው የለም። ሰው የኔ ብሎ በማኅደር የሚይዘው ዱላ ግን ከወገቡ በብሎን የሚፈታ ባለ ሁለት ክፍል ነው። ወፍራሙ የኋላ ክፍል እጀታ ነው፤ ቀጭኑ የፊት ክፍል ሻፍት ይባላል። ሁለቱ ሲገጠሙ 147 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማሉ፣ ከግማሽ ኪሎ ትንሽ አለፍ ብለው ይመዝናሉ። በአሜሪካ ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) በጥቂት ባለሙያዎች እጅ የተሠሩት ዱላዎች ዛሬ የሰብሳቢዎች ሀብት ሆነዋል። ከእነዚህ አንዱ በውርስም በግዢም እጁ የገባ ሰው ውሎ አድሮ የሚገጥመው ጥያቄ አንድ ነው። በጥንቱ ሻፍት ይጫወት ወይስ አዲስ ያሠራ? ብዙ ሰብሳቢዎች አዲስ ሻፍት የሚለውን ሐሳብ እንደ ድፍረት ይቆጥሩታል። እኔ ግን ድፍረቱ ሌላ ቦታ ነው ባይ ነኝ። የዱላው ታሪክ ያለው በእጀታው ነው፣ ጨዋታው ደግሞ በሻፍቱ። ሻፍትን መቀየር የዱላው ሠሪዎች ራሳቸው ያሰቡበት ነገር ሲሆን፣ ለአዲስ ሻፍት ብሎ እጀታን መነካካት ግን ጥፋት ነው።

ስለ ታሪኩ ለመናገር ከጆርጅ ባላቡሽካ መነሳት ግድ ነው። በ1912 በሩሲያ ተወልዶ በ1924 ወደ አሜሪካ የተሻገረው ባላቡሽካ ኒው ዮርክ ውስጥ በእንጨት ሥራ ይተዳደር ነበር። በ1959 ገደማ ዱላ መሥራት ጀመረና በ1975 እስኪሞት አላቆመም። በዚያ ሁሉ ዓመት የሠራው አንድ ሺህ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ብቻ እንደሆነ ይገመታል፤ ዛሬ አንዱ ዱላ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር የሚሸጠውም ለዚህ ነው። ስሙ ከተጫዋቾች አልፎ ሕዝብ ጆሮ የደረሰው በ1986 ማርቲን ስኮርሴዚ ባዘጋጀው «ዘ ከለር ኦፍ መኒ» በተሰኘው ፊልም ነው። የፖል ኒውማን ገጸ ባሕርይ ለወጣቱ የቶም ክሩዝ ገጸ ባሕርይ ባላቡሽካ ነው ብሎ ዱላ ያስረክበዋል። ካሜራ ፊት የቀረበው ግን ባላቡሽካ አልነበረም፤ ጆስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዱላ ነበር። ተመልካቹ ያየው እጀታውን ነው፣ የሰማው ስሙን ነው፤ በቃው። ስለ ሻፍቱ የጠየቀ የለም።

የባላቡሽካን ዱላ ከፊት እስከ ኋላ የአንድ ሰው ሥራ፣ አንዲት ክፍሉ ብትነካ የሚረክስ ቅርስ አድርጎ የሚያይ ሰው የአሠራሩን ታሪክ ቢያውቅ ይገረማል። ባላቡሽካ የእጀታውን ዋና ግንድ በአብዛኛው ከሌላ ሰው ነበር የሚያገኘው። በመጀመሪያ ብረንዝዊክ ኩባንያ ለፑል ቤቶች ያመርታቸው በነበሩት «ቲትሊስት» በተባሉ ዱላዎች ተጠቀመ፤ ከዚያ የቺካጎው በርተን ስፔይን፣ ኋላም የፔንሲልቫኒያው ገስ ዛምቦቲ ያዘጋጁለትን ግንዶች ገዛ። በእጀታው ላይ የምናያቸው አራት ሹል ቅርጾች፣ ማለትም ጥቁሩ ወይም ቀዩ እንጨት ከነጣው የሜፕል እንጨት ጋር ተሰነጣጥቆ የተዋደደበትና በጠርዙ ባለ ቀለም ስስ ልባጥ የተሰለፈበት ውበት፣ ብዙውን ጊዜ የእነዚህ ሰዎች እጅ ነው። ባላቡሽካ በቶርኖ መልክ አወጣለት፣ ብረቱን ገጠመለት፣ መያዣውን በአየርላንድ ተልባ ክር ጠመጠመለት፣ ሚዛኑን አስተካከለለት፤ ትልቁ ጥበቡም እዚህ ላይ ነበር። ከእሱ በፊት በቺካጎ ስመ ጥር ዱላ ሠሪ የነበረው ኸርማን ራምቦም የታወቀበት አንዱ ሥራ አንድ ወጥ የፑል ቤት ዱላን ቆርጦ ባለ ሁለት ክፍል ማድረግ ነው። እነዚህ ሰዎች የሚመጥን ነገር ካገኙ ከየትም አምጥተው የሚያዋድዱ ሠራተኞች ነበሩ። ዕቃው ገና ከመወለዱ የብዙ እጅ ድምር ከሆነ፣ አንድ ተጨማሪ እጅ ሻፍት ቢጨምርለት ምን እንደሚጎድልበት አይታየኝም።

ሻፍት ደግሞ በተፈጥሮው አላቂ ነው። ጥሩ ዱላ ለደንበኛው ሲሰጥ ከአንድ እጀታ ጋር ሁለት ሻፍት አብሮ የመስጠቱ ልማድ የመጣው ከዚህ ነው፤ አንዱ ቢጣመም ወይም ቢሰነጠቅ ሌላው እንዲተካ ነው። ሻፍቱ የሚሠራበት ጠንካራ ሜፕል በቶርኖ ላይ በአንድ ቀን ተላጭቶ አያልቅም። ጥቂት ይላጣል፣ ለሳምንታት ወይም ለወራት ተሰቅሎ ይቆያል፣ የተጣመመው ይጣላል፣ ቀጥ ያለው እንደገና ይላጣል። እንዲህ ተጠንቅቀው ያደረሱት ሻፍት ባለቤቱ እጅ ከገባ በኋላ በላብና በጠመኔ ይቆሽሻል፤ ባለቤቱ ለማለስለስ በብርጭቆ ወረቀት ያሸዋል። እያንዳንዱ ማሸት እንጨት ይወስዳል። ጫፉ 13 ሚሊ ሜትር ሆኖ የተወለደ ሻፍት ከሠላሳና አርባ ዓመት ጨዋታ በኋላ 12 ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ቢገኝ አይገርምም። ስለዚህ «የጥንቱን ሻፍት» የሚል ሰው ስለ የትኛው እንደሚናገር መጠየቅ አለበት፤ ሠሪው ያስረከበው ውፍረት ምናልባት ከብዙ ዓመት በፊት በአቧራ መልክ ወለል ላይ ቀርቷል።

አሁን ወደ ጨዋታው እንምጣ። የዱላውን ጫፍ በቆዳ መሸፈን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፈረንሳዊው ፍራንሷ ማንጎ ያስፋፋው ዘዴ ነው፤ ዛሬ የምናውቀውን ሰማያዊ ጠመኔ ዓይነት ደግሞ ዊልያም ስፒንክስና ዊልያም ሆስኪንስ በ1897 በአሜሪካ የፈጠራ መብት አስመዘገቡለት። ቆዳውና ጠመኔው ባይኖሩ ዱላው ስለሚንሸራተት ነጯን ኳስ ከመሃሏ ራቅ አድርጎ መምታት አይቻልም ነበር። ሲቻል ግን አንድ መዘዝ ይዞ መጣ። ኳሷን ከመሃሏ ወደ ቀኝ ብንመታት እየተሽከረከረች ትሄዳለች፤ ነገር ግን ባነጣጠርንበት መስመር ሳይሆን ትንሽ ወደ ግራ ተዛንፋ ነው የምትሄደው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቆዳው ኳሷን ይዞ መዞር ሲጀምር ኳሷ የዱላውን ጫፍ ወደ ጎን ትገፋዋለች፤ ጫፉም በፈንታው ኳሷን ወደ ተቃራኒው ይገፋታል። ጫፉ ከባድ በሆነ መጠን ኳሷ ይበልጥ ትገፋለች። መዛነፉ ሁለት ዲግሪ ቢሆን አንድ ሜትር ርቃ ስትደርስ ከመስመሯ 3.5 ሳንቲ ሜትር ወጥታለች ማለት ነው፤ የኳሷ ውፍረት ሁሉ 5.7 ሳንቲ ሜትር መሆኑን ስናስብ ይህ ኳስ ኪስ በመግባትና ባለመግባት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ክርክር ወሳኙ ነጥብ የሚመጣው ከጊዜው ነው። ቆዳውና ኳሷ ተነካክተው የሚቆዩት አንድ ሺሕኛ ሰከንድ ገደማ ነው። በ1998 በፍሎሪዳዋ ጃክሰንቪል ከተማ እጅግ ፈጣን በሆነ ካሜራ የተቀረጹ ምቶች ይህንን በዓይን አሳይተዋል። በዚህች ቅጽበት ውስጥ ወደ ጎን የሚደረገው ግፊት በእንጨቱ ላይ ተጉዞ የሚደርሰው ከጫፉ ጀምሮ 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ፣ ብሎኑም፣ ጥቁሩ የኢቦኒ እንጨትም፣ የአየርላንድ ክሩም፣ ወሬው ሳይደርሰው ኳሷ ሄዳለች። በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሜካኒካል ምህንድስና ፕሮፌሰር የነበሩት ዴቪድ አልሲያቶሬና ሌሎችም በሙከራ ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ መዛነፉን የሚወስነው የዱላው ጫፍ አካባቢ ክብደት እንጂ የእጀታው ዓይነትና ዋጋ አይደለም። የመቶ ሺህ ብር እጀታና የመጥረጊያ እንጨት በአንድ ዓይነት ሻፍት ቢገጠሙ ኳሷ ልዩነታቸውን አታውቅም። እርግጥ እጀታው ምንም አይሠራም ማለት አይደለም። የዱላው ጠቅላላ ክብደት፣ ሚዛኑ፣ የእጅ አያያዙ ከእሱ ይመጣል፤ ክንድ በየምቱ ተመሳሳይ ሆኖ እንዲወረወር የሚረዳውም እሱ ነው።

የድሮዎቹን ዱላዎች ጫፍ ቀረብ ብለን ካየን ችግሩ ጎልቶ ይወጣል። ከቆዳው በታች እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ የሚከላከል ነጭ ቀለበት አለ፤ ፌሩል ይባላል። በጥሩዎቹ የድሮ ዱላዎች ላይ ይህ ቀለበት የዝሆን ጥርስ ነው፣ ርዝመቱም አንድ ኢንች ያህል ነው። በግምት እናስላው። ውጪው 13 ሚሊ ሜትር፣ ውስጡ የገባው የእንጨት ምላስ 8 ሚሊ ሜትር ቢሆን ቀለበቱ ሁለት ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የዝሆን ጥርስ በኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር 1.8 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ቀለበቱ ወደ 3.7 ግራም ይጠጋል፤ በዚያው ቦታ ሜፕል ብቻ ቢኖር ኖሮ አንድ ግራም ተኩል አይሞላም ነበር። ሁለት ግራም ምን አላት ይባል ይሆናል። በዱላው ወገብ ላይ ብትሆን ምንም የላትም፤ ያለችው ግን ክብደት እጅግ በሚጎዳበት በመጨረሻው ጫፍ ላይ ነው። ሠሪዎቹ የዝሆን ጥርስን የመረጡት ስለሚያምር፣ ስለሚጸናና በምት ጊዜ ጥርት ያለ ድምፅ ስለሚሰጥ ነው። ያኔ የጫፍን ክብደት የሚለካ ሰው አልነበረምና አይፈረድባቸውም።

የዝሆን ጥርሱ ጉዳይ ከጨዋታም ያልፋል። ዓለም አቀፉ የዝሆን ጥርስ ንግድ እገዳ በ1989 ተወስኖ በቀጣዩ ዓመት ሥራ ላይ ውሏል፤ አሜሪካም በ2016 የአገር ውስጥ ሽያጩን ጭምር አጥብቃ ገድባለች። ኢትዮጵያ በ2015 ከስድስት ቶን በላይ የተያዘ የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ አቃጥላለች። ዋሽንግተን ወይም ዳላስ የሚኖር ወገን የድሮ ዱላ ገዝቶ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ይዞ ልምጣ ቢል፣ ያቺ ነጭ ቀለበት ያለ ፈቃድ ድንበር ለመሻገር አትችልም። በእጀታው ላይ የብራዚል ሮዝውድ ካለበትም እንጨቱ ከ1992 ጀምሮ በጥብቁ የጥበቃ መዝገብ ውስጥ ስላለ መጠንቀቅ ያሻል።

ታዲያ አማራጮቹ ምንድን ናቸው? የጥንቱን ሻፍት ማስጠገን አንዱ ነው፤ ቆዳው ይቀየራል፣ የተጎዳጎደው እንጨት በእንፋሎት ይነሳል፣ ያለ ብርጭቆ ወረቀት ይጸዳል። ይህ ለመያዝ እንጂ ለየዕለት ጨዋታ አይደለም። ሁለተኛው፣ አንድ የዱላ ባለሙያ በጥንቱ ልክ፣ በጥንቱ የመገጣጠሚያ ቀለበት ጌጥ፣ ከአንድ ወጥ ሜፕል አዲስ እንዲሠራ ማድረግ ነው። ፌሩሉ አጭርና ቀላል ፕላስቲክ ከሆነ፣ ጫፉም ወደ 12 ሚሊ ሜትር ከቀጠነ መዛነፉ በእጅጉ ይቀንሳል፣ መልኩም አይፈርስም። ሦስተኛው በ1990ዎቹ አጋማሽ የመጣው ነው። ፕሬዴተር የተባለው ኩባንያ «314» ብሎ ያወጣው ሻፍት በርዝመቱ ከተሰነጠቁና በኮላ ከተጣበቁ ብዙ ቁርጥራጮች የተሠራ ሲሆን፣ የፊት ጫፉ ውስጡ ክፍት ተደርጎ ቀልሏል። መጣበቁ መጣመምን ይከላከላል፣ ክፍትነቱ መዛነፍን። ሌሎች ኩባንያዎችም በየመንገዳቸው ተከተሉት። አራተኛው ካርቦን ፋይበር ነው፤ የፕሬዴተር «ሬቮ» በ2016 ከወጣ ወዲህ ውድድሩን አጥለቅልቆታል። አይጣመምም፣ አይጎደጎድም፣ በጨርቅ ቢጠረግ ይበቃዋል። ጥቁርነቱ ግን በባላቡሽካ ዘመን እጀታ ላይ ሲሰካ ዓይን ይወጋል፤ ድምፁም የእንጨት አይደለም። በእኔ ግምት የድሮ ዱላ ይዞ በቁም ነገር መጫወት ለሚፈልግ ሰው ሦስተኛው ይሻላል፤ የጥንቱን ምት ስሜት ሳያጣ መጫወት ለሚሻ ሁለተኛው። አራተኛው አይሠራም አልልም፤ ግን ካርቦን የሚፈልግ ሰው አዲስ ዱላ ቢገዛ ገንዘቡም ይተርፈዋል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሳው ጠንካራ ተቃውሞ የጥንቶቹ ጀግኖች ነገር ነው። የፑል ተጫዋቹ ዊሊ ሞስኮኒ በ1954 በኦሃዮዋ ስፕሪንግፊልድ ሳይስት 526 ኳስ በተከታታይ አስገብቷል፤ ያኔ የሚታወቀው ተራ ሜፕል ነበር። እንዲህ ከሆነ ዘመናዊው ሻፍት ለምን? መልሱ ሁለት ገጽታ አለው። ሞስኮኒ ያንን ክብረ ወሰን ያስመዘገበበት የጨዋታ ዓይነት ነጯን ኳስ በአጭር ርቀት፣ በልክ፣ ከመሃል ብዙ ሳይርቁ መምታትን የሚሸልም ነው፤ መዛነፍ የሚጎዳው ደግሞ ሩቅና ብዙ ሽክርክሪት ያለበትን ምት ነው። ከዚያ በላይ፣ በአንድ ዓይነት ዱላ ያደገ ሰው መዛነፉን ዓይኑ ሳያውቀው ያርማል። አዲሱ ሻፍት ይህን እርማት አያጠፋም፣ ያሳንሰዋል እንጂ። እንዲያውም በድሮ ሻፍት ሃያ ዓመት የተጫወተ ሰው ወደ አዲሱ ሲሻገር ለጥቂት ጊዜ መሳቱ አይቀርም፤ እጁ የለመደው እርማት አሁን በዝቶበታልና። እንዲህ ያለው ሰው የድሮውን ቢመርጥ ትክክል ነው። እኔ የምከራከረው «የድሮው ከሁሉ ይበልጣል» ከሚለው ጋር ነው።

ሌላው ተቃውሞ የስሜት ነው። የብረት መገጣጠሚያ፣ የዝሆን ጥርስ ቀለበትና ያረጀ ሜፕል አንድ ላይ የሚሰጡት ጥንካሬና ድምፅ በሌላ አይገኝም ይባላል። እውነት ነው፣ አይገኝም። ይሁንና ያ ስሜት ከእጅ ወደ አእምሮ ደርሶ ሲታወቅ ኳሷ ከቆዳው ተላቃለች፤ ምቱን ሊለውጥ አይችልም። ተጫዋቹን ግን ያስደስተዋል፣ ልቡን ያረጋጋዋል፣ የሚቀጥለውን ምት በእርጋታ እንዲመታ ሊያደርገውም ይችላል። ይህን አላናንቅም። የሚወደውን ድምፅ ለመስማት የጥንቱን ሻፍት አልፎ አልፎ ገጥሞ መጫወት የሚከለክለው የለም፤ ብሎኑ የተፈጠረው ለዚሁ ነው።

እዚህ ላይ ነው አደጋው የሚመጣው። ብሎን ሁሉ አንድ አይደለም። በብዙ የብረት መገጣጠሚያ ባላቸው ዱላዎች የሚገኘው 5/16 ኢንች ውፍረትና በአንድ ኢንች ውስጥ 14 ጥርስ ያለው ነው። የመውቺ ኩባንያ ዱላዎች ውፍረቱን ሳይለውጡ 18 ጥርስ ይጠቀማሉ፤ ማክደርሞት ደግሞ 3/8 ኢንች ባለ 10 ጥርስ። ባለ 14 ጥርስ ብሎን ላይ ለ18 የተሠራ ሻፍት መጀመሪያ ላይ የያዘ ይመስላል፤ አንድ ዙር ይሄድና ይጠጥራል። እዚያ ላይ ጉልበት የጨመረ ሰው በሻፍቱ ውስጥ ያለውን የነሐስ ጥርስ ይልጠዋል፣ ሲከፋም የሃምሳ ዓመቱን ብሎን ከእጀታው ይነቀንቀዋል። አንዳንድ የብረት መገጣጠሚያዎች ደግሞ ከሻፍቱ ግርጌ ወጣ ያለ አንገት ወደ ብረቱ አፍ ገብቶ እንዲጠብቅ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ ለዚህ አንገት የሌለው ጠፍጣፋ ሻፍት ቢታሰርም ውሎ አድሮ ይላላል። የሁለቱ ክፍሎች ውፍረት በመገናኛው ላይ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ቢለያይ እንኳ ጣት ይይዘዋል። ሚዛንም አለ። ሻፍት ከ100 እስከ 130 ግራም ይመዝናል፤ አዲሱ ከጥንቱ በ15 ግራም ቢቀል የዱላው ሚዛን መሃል አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል። ይህ ብዙ አይደለም፣ ግን ስሜት ያለው እጅ በመጀመሪያው ቀን ያውቀዋል፤ ስለዚህ ሲታዘዝ የጥንቱን ክብደት መናገር ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ይህ ነው። ለአሮጌ እጀታ አዲስ ሻፍት ማሠራት ቅርስን ማራከስ ሳይሆን ማቆየት ነው፤ የጥንቱ ሻፍት በየሳምንቱ ከላብና ከጠመኔ ይድናል፣ እጀታውም ከሣጥን ወጥቶ ለተሠራበት ሥራ ይውላል። ሻፍት ከማዘዝዎ በፊት የብሎኑን ውፍረት፣ የጥርሱን ቁጥር፣ የመገናኛውን ስፋትና የጥንቱን ሻፍት ክብደት ያስለኩና በወረቀት ያስፍሩ። የጥንቶቹን ሻፍቶች አይሽጡ፣ አያሳጥሩ፣ ፌሩላቸውንም አያስቀይሩ፤ ዱላው አንድ ቀን ሲሸጥ ገዢው የሚጠይቀው እነሱን ነው። አዲሱ ሻፍት እንዲገባ ብሎኑ ይነቀል ወይም ብረቱ ይሞረድ የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎት ግን ዱላዎን ተቀብለው ሌላ ባለሙያ ይፈልጉ።